የባዝ ከተማ ፍል ውሃና የስደት ቤት

ከምድር ሆድ ሞቆ የሚወጣ ውሃ ለሰው ልጅ ያለ ድካሙ ከተሰጡት በረከቶች አንዱ ነው። እንጨት ሳይፈጅ፥ እሳት ሳይነድበት፥ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ይፈልቃል። በአገራችን ይህ በረከት ብዙ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መቆርቈር መጀመሪያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እኛ በምንኖርባት በሐዋሳም ከባህል አዳራሽ አካባቢ ማልዶ የተነሣ ሰው ወንዶ ገነት ደርሶ፥ ከተራራው ሥር በሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ታጥቦ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ የፍል ውሃ ነገር ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ወደ እንግሊዝ አገር ሄደን ሳለን አንድ የዕረፍት ቀን ብናገኝ፥ ባዝ የምትባለውን ከተማ ለማየት ወሰንን። የወሰንንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ይህች ከተማ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በፍል ውሃዋ ስለ ታወቀችና ስሟም በእንግሊዝኛ መታጠቢያ ማለት ስለ ሆነ፥ ሰዎች ስለ አንድ ምንጭ ምን ያህል መድከም እንደሚችሉ ለማየት ነው። ሁለተኛው ግን ለኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ነው። ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1932 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ የተቀመጡት በዚህች ከተማ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈውን የውጭ አገር ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ነገር በአገራችን አቆጣጠር እናደርጋለን፤ ይህም አንባቢ እንዳይደናገር ነው።

ከሎንዶን ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር የተነሣ መንገደኛ ባዝ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ባቡሩ ከከተማይቱ ሳይደርስ ቦክስ በሚባለው ተራራ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። ይህ ዋሻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፥ ለባቡር የተከፈተው በ1841 ዓ.ም. ነው። ከዋሻው ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ከተማይቱ በኤቨን ወንዝ ዳር፥ በኮረብታዎች ተከባ ታየችን። ቤቶቿ ሁሉ የተሠሩት ከአካባቢው ተፈልፍሎ ከወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የማር መልክ ስላለው፥ ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሰፈፍ የተቀባ ይመስላል። በአንድ ዓይነት ድንጋይና በአንድ ዓይነት ሥርዓት የተሠራ ከተማ ለዓይን ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ያየነው በዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የሄድነው ወደ ምንጩ ነው። ውሃው በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል፤ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ይህ ውሃ በብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በአካባቢው ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናም ነው። ዝናሙ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ወደ ምድር ጥልቅ ወርዶ፥ በዚያ ሞቆ፥ እንደ ገና ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ የምናየው እንፋሎት፥ ሮም ሳትቆረቈር የወረደ ዝናም መሆኑን ስናስብ እጅግ ተደነቅን።

ሮማውያን ወደዚያች ደሴት በ43 ዓ.ም. ከዘመቱ በኋላ፥ ብዙ ሳይቆዩ በዚህ ምንጭ ላይ ቤተ ጣዖትና መታጠቢያ ሠሩ። የአገሩ ሰዎች ሱሊስ የሚሏትን የምንጭ አምላክ፥ ሮማውያን ሚነርቫ ከሚሏት አምላካቸው ጋር አንድ አድርገው ሱሊስ ሚነርቫ አሏት። ከተማይቱንም የሱሊስ ውሃ ብለው ጠሯት። ትልቁ የመታጠቢያ ገንዳ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ ነው። ውሃው እንዳያፈስስ ወለሉን በ45 የእርሳስ ብረት ገበታዎች ለብጠውታል፤ ያም እርሳስ ዛሬ ድረስ ውሃውን ይዞ ይኖራል። ሮማውያን በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገሩን ለቅቀው በሄዱ ጊዜ ሥራው ፈረሰ፥ ደለልም ሞላበት፥ በላዩም ሌላ ከተማ ተሠራበት። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ የከተማው መሐንዲስ ቆፍሮ ገለጠው።

እኛ ግን ከገንዳው ይልቅ ብዙ ጊዜ የቆምነው በመስተዋት ውስጥ ከተቀመጡት ትናንሽ የእርሳስ ቅጠሎች ፊት ነው። እነዚህ ከምንጩ ውስጥ የተገኙና ቍጥራቸው 130 ያህል የሆነ የአቤቱታ ጽሑፎች ናቸው። በዚያ ዘመን ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ነገሩን በስስ እርሳስ ላይ ይጽፍና ጠቅልሎ ወደ ፍል ውሃው ይጥለዋል። አንዱ ካባው፥ አንዱ የእጅ ሹራቡ፥ አንዱ ገንዘቡ እንደ ጠፋበት ያመለክታል። ሌባውን ስለማያውቀውም፥ ወንድ ቢሆን ሴትም ብትሆን፥ ባሪያ ቢሆን ጨዋም ቢሆን እያለ ማንም እንዳያመልጥ አድርጎ ይከስሰዋል። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት የኖርን ስለ ሆንን፥ ይህ አጻጻፍ የሰለጠነ የራፖር ጸሐፊ እጅ እንዳለበት ወዲያው ታወቀን። በአገራችን ቀድሞ በሌባ ሻይ ሌባ ይፈለግ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ሮማዊውም ዳኛ የማያገኘውን ሌባ ወደ ውሃው አቤት ብሎበታል። ትልልቆቹ ነገሥታት ያቆሟቸው ዓምዶች ወድቀው ሲሰበሩ፥ ካባው የጠፋበት የአንድ ተራ ሰው አቤቱታ ግን በጭቃ ውስጥ ተጠብቆ ለኛ ደረሰ።

የአገሩ ሰዎች ስለ ምንጩ የሚያወሩት ሌላም ተረት አለ። ብላዱድ የሚባል የንጉሥ ልጅ በለምጽ ታምሞ ከቤተ መንግሥት ቢባረር እሪያ ጠባቂ ሆነ ይላሉ። እሪያዎቹም ከርሱ በሽታ ተይዘው ነበርና፥ በሞቃው ጭቃ ተንከባልለው ቆዳቸው ሲነጻ ቢያይ፥ እርሱም ገብቶ ታጠበና ዳነ፤ ኋላም ነግሦ ከተማይቱን ቆረቈረ ይባላል። ይህ ተረት ነው፤ ሆኖም የታመመ ሰው ከውሃ ፈውስ መፈለጉ በየአገሩ አንድ መሆኑን ያሳያል። በዮሐንስ ወንጌል በአምስተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የመጠመቂያ ነገር የተማረ፥ በአገራችንም ወደ ጠበል የሚሄደውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

ከመታጠቢያው አጠገብ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኤድጋር የተባለው የእንግሊዝ ንጉሥ በ973 ዓ.ም. ዘውድ የጫነው በዚህ ስፍራ ነው። ዛሬ የቆመው ሕንጻ ግን በ1499 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። በፊት ለፊቱ ግንብ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። የያዕቆብን ሕልም በቃል የምናውቀው ሆነን ሳለን፥ በድንጋይ ተጽፎ ስናየው ቆመን ቀረን።

ከዚያ ወደ ላይ ወደ ኮረብታው ወጣን። በ1700ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ መኳንንትና ባለጠጎች ውሃ ለመጠጣትና ለመታጠብ፥ ይልቁንም ለመታየትና ለመጫወት ወደ ባዝ ይጎርፉ ነበር። ጆን ውድ የተባሉ አባትና ልጅ፥ ሁለቱም አንድ ስም ያላቸው መሐንዲሶች፥ ለእነዚህ እንግዶች ማረፊያ የሚሆኑ ቤቶችን ሠሩ። አባትየው ሰርከስ የተባለውን ክብ ሰፈር ጀመረ። ልጁ ከ1767 ዓ.ም. ጀምሮ 30 ቤቶችን እንደ ግማሽ ጨረቃ በአንድ መስመር አቆመ፤ ይህም ሮያል ክረሰንት ይባላል። ከፊቱ ሰፊ መስክ አለ። ልጆች በመስኩ ላይ ሲሮጡ፥ ሽማግሌዎች ወንበር ይዘው ሲቀመጡ አየን።

ነገር ግን ውሃው ለባለጠጋ ብቻ አልቀረም። በ1742 ዓ.ም. ከሩቅ አገር ለሚመጡ ድሆች ሕመምተኞች ሆስፒታል ተከፈተ። በሽተኛው ሲገባ ጥቂት ገንዘብ ማስያዝ ነበረበት። ቢድን ወደ አገሩ መመለሻ፥ ቢሞት መቀበሪያ እንዲሆነው ነው። ይህ ሥርዓት ለሰሚው የከበደ ይመስላል፤ ሆኖም እንግዳ ሰው በሰው አገር ቢሞት ማን ይቀብረዋል የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ማሰቡ ለአስተዳዳሪ የሚገባ ነው።

ውሃውንም ስለ መጠበቅ ያየነውን እንጨምር። በ1978 ዓ.ም. በዚህ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ በሚገኝ በዓይን በማይታይ ነፍሳት ታምማ ስለ ሞተች መታጠቢያው ተዘጋ። ከተማይቱ ወደ ጥልቁ ጉድጓድ አስቆፍራ ንጹሕ ውሃ አውጥታ፥ አዲስ መታጠቢያ ቤት እስከ ከፈተችበት እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ ሕዝብ በዚህ ፍል ውሃ አልታጠበም። ስሟ በመታጠቢያ የተጠራ ከተማ ለአንዲት ልጅ ሞት ብላ ወደ 30 ዓመት ያህል ሳትታጠብ ኖረች። በጥንቱ በሮማውያን ገንዳ ዛሬም መግባት ክልክል ነው፤ ማየት ብቻ ነው። ከተማይቱ በ1987 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈች፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች 10 የአውሮፓ የፍል ውሃ ከተሞች ጋር ሁለተኛ ተመዘገበች።

ከቀትር በኋላ ወደ ሁለተኛው ጕዳያችን ሄድን። ከመካከለኛው ከተማ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። ቤቱ ነጭ መልክ ያለው፥ ዛፍ የከበበው፥ ለንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት ሊሆን የማይችል መካከለኛ ቤት ነው። ግርማዊነታቸው በ1928 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናግረው፥ ዓለም ሰምቶ ዝም ካለ በኋላ ወደዚህች ከተማ መጥተው በመጀመሪያ በሆቴል ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ይህን ቤት ገዙ። በዚያ ቤት ልጆች፥ መኳንንት፥ ካህናትና አሽከሮች አብረው ኖሩ። የአትክልቱ የመስተዋት ቤት ጸሎት ቤት ሆኖ፥ ቅዳሴ በግእዝ ይሰማበት ነበር። እቴጌ መነን የአገሩ ብርድ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የመጀመሪያ ክፍል በዚህ ቤት ጻፉ። በዓለም ሁሉ ስለ ፈውስ የታወቀ ውሃ ከደጃቸው ነበረ፤ የአገር ናፍቆትን ግን የትኛው ውሃ ያድናል?

ይህ ቤት ደግሞ የሐዘን ቤት ነበረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፥ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር የነበሩት፥ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዚሁ ቤት ዐረፉ። እርሳቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ ብዙ መጻሕፍት የደረሱ፥ ወደ ጃፓን በመልእክት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፍ ለአገራቸው ሰው የጻፉ ናቸው። እኛ ዛሬ በሰው አገር ያየነውን ጽፈን ስናቀርብ መንገዱን የጠረጉልን እርሳቸውንና እነርሱን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። አስከሬናቸው በባዝ አፈር ተቀበረ፤ ከነጻነት በኋላ ግን ዐፅማቸው ወደ አገራቸው ተመለሰ። ጻፎችን ሲያሳትሙ የኖሩት እኒህ ሊቅ አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ መሞታቸውን በዚያ ቤት ደረጃ ላይ ቆመን ስናስብ አንዳችንም ቃል አላወጣን።

ሙያችን ስለ ሆነ አንድ የሙግት ነገር ሳንጽፍ አናልፍም። ግርማዊነታቸው በባዝ ሳሉ ገንዘብ አጥሯቸው ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ከኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያ ጋር በነበረው የሽቦ አልባ መልእክት ውል የሚገባው ገንዘብ ስለ ነበረ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በሎንዶን ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዳኛ ነገሩን አይቶ፥ የእንግሊዝ መንግሥት በሕግ የኢትዮጵያ ንጉሥ ብሎ የሚያውቀው እርሳቸውን ነውና ገንዘቡ ይገባቸዋል ሲል ፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይታይ፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ገደማ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ አወቀ። ስለዚህ የይግባኙ ፍርድ ቤት መብቱ ወደ ኢጣልያ ንጉሥ ተላልፏል ብሎ የመጀመሪያውን ፍርድ ሻረ። ማስረጃው አንድ፥ ውሉ አንድ፥ ከሳሹም አንድ ነበረ፤ በሁለቱ ፍርዶች መካከል የተለወጠው ከፍርድ ቤት ውጭ የተጻፈ የመንግሥት ቃል ብቻ ነው። ዳኞቹ በሕጋቸው እንደ ፈረዱ እናምናለን፤ ነገር ግን ሕግ የጠበቀው መልክ ሁሉ ፍትሕ እንዳይደለ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። የሮማው ሰው ካባው ቢሰረቅበት በእርሳስ ጽፎ ወደ ውሃው ጣለ። በዚያችው ከተማ የተቀመጡት ንጉሥ ደግሞ አገራቸው ቢሰረቅባቸው በወረቀት ጽፈው ወደ ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ በሰው ዘንድም አልተሰማላቸውም።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ኢጣልያ በ1940 ዓ.ም. ሰኔ ወር ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም፥ ግርማዊነታቸው ከባዝ ተነሥተው በግብጽ በኩል ወደ ሱዳን አለፉ፤ አርበኞች በየዱሩ ሲዋደቁ በኖሩባት አገር፥ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ባዝ ራሷ በ1942 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱባት፤ የስደተኛን ኀዘን አይታ የነበረች ከተማ ኀዘኑን በራሷ ቀመሰችው። ግርማዊነታቸው በ1947 ዓ.ም. ተመልሰው በጐበኟት ጊዜ ከተማይቱ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። እርሳቸውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ፌርፊልድን ለከተማይቱ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን በስጦታ አስረከቡ። ዙፋናቸው በ1967 ዓ.ም. በመስከረም ወር ወድቆ ብዙ ነገር ከተለወጠ በኋላም፥ ይህ ስጦታ አልተለወጠም። ዛሬም በቤቱ አረጋውያን ይሰበሰባሉ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ጥቁር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሻይ ሲጠጡና ሲጫወቱ ይታያሉ። ከእኛ ከሐዋሳ አጠገብ ባለችው በሻሸመኔ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጧቸው መሬት የሰፈሩት የራስ ተፈሪያውያን ወገኖችም፥ ይህን ቤት እንደ ቅዱስ ስፍራ ይሳለሙታል።

ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ጥቂት ምክር እንስጥ። በማለዳ ባቡር መነሣት፥ ወደ ሮማውያኑ መታጠቢያ ሕዝብ ሳይበዛ መግባት መልካም ነው። ከተማይቱ ዳገት ስለ ሆነች ለአረጋውያን ቀላል ጫማና ምርኵዝ፥ ለሁሉም ጃንጥላ ያስፈልጋል። ልጆች በእንፋሎቱና በእሪያ ጠባቂው ተረት እጅግ ይደሰታሉ። ፌርፊልድ ግን ዘወትር ለጐብኚ ስለማይከፈት፥ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ውሃውን የሚቀምስ ሰው ለብ ያለና የብረት ጣዕም ያለው ሆኖ ያገኘዋል፤ እኛ የአምቦን ውሃ እንመርጣለን።

ማታ ወደ ሎንዶን ስንመለስ የተነጋገርነው ስለ አገራችን ምንጮች ነው። ወንዶ ገነት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የዕረፍት ቤት የተሠራባት፥ ኋላም የሕዝብ መዝናኛ የሆነች ስፍራ ናት። በዚያ ውሃ ማን ታጠበ፥ ማን ዳነ፥ በየዘመኑ ምን ሥርዓት ተሠራለት ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ደግሞ ያልፋሉ። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን፥ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ፍል ውሃ በሚወስዱበት ቀን፥ ከፎጣና ከስንቅ ጋር ደብተርና እርሳስ ጨምረው ቢወስዱ፥ በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ የሽማግሌዎቹን ቃል ቢያስጽፉ መልካም ነው። ካባው የጠፋበት ሮማዊ ጕዳዩን በእርሳስ ቅጠል ላይ ጽፎ ባይተው ኖሮ፥ በዓለም ላይ መኖሩን ዛሬ ማንም ባላወቀ ነበር።